አድራሻዋን ያልሰጠችው ተቃዋሚ

ራሞና ካልቨርት በአሜሪካ፣ በዱሉዝ ከተማ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች። ሥራዋ ከሰማይ ጋር ነውና ስልኳ ላይ የአየር ጠባይ የሚነግር መተግበሪያ ጭና ነበር። ጉድ እኮ ነው! ለካ እሱ የበረዶውን ወሬ ለእሷ፣ የእሷን ውሎ አዳር ደግሞ ለከፈለ ሁሉ ያቀብል ኖሯል። ሲደበድባት የኖረው የቀድሞ ባሏ ያንን መረጃ ገዝቶ፣ ሁለት ግዛት አቋርጦ ደጇ ላይ ቆመ። ጎረቤት ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ ስሟን የምናነሳው ከንፈር እየመጠጥን ነበር። ቤት ቀየረች። አዲሱን ቤት ከእህቷ ከቬርና በቀር የሚያውቅ የለም።

ራሞናን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎችን ወክለው የመተግበሪያውን ባለቤት ኩባንያ የከሰሱት ጠበቆች በመጨረሻ ከኩባንያው ጋር ታረቁ። እርቅ ይባላል እሱ! ጠበቆቹ ዳጎስ ያለ ክፍያቸውን ያፍሳሉ፤ ለተበዳዩ የዚያው መተግበሪያ የአንድ ዓመት ነፃ አገልግሎት! የተሰበሰበው መረጃ ይጥፋ የሚል ቃል የለበትም፤ ዳግም መክሰስም አይቻልም። ይባስ ብሎ፣ እርቁን የሚቃወም ሰው ማንም በሚያየው መዝገብ ላይ ስሙንና አድራሻውን ያስፍር ተባለ። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይህ ነው።

«ተዪው እባክሽ» አለች ቬርና። «ቤትሽን ለዚያ ሰውዬ በገዛ እጅሽ ልትጠቁሚው ነው?»

«ዝም ብልስ? መረጃዬ እጃቸው ላይ እስካለ እነሱ ይጠቁሙት የለ?»

ራሞና ተቃውሞዋን ያለ አድራሻ አስገባች። ዳኛው እርቁን ለማጽደቅ በቀጠሩት ቀን የኩባንያው ጠበቃ ተነሥቶ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ደንቡን አላሟላምና ውድቅ ይደረግልን» አለ።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «እመቤት፣ አድራሻዎን ለመዝገብ ይናገሩ።»

ራሞናን ንዴት ከመቀመጫዋ አስነሣት።

«እናገራለሁ፣ ክቡር ዳኛ። ብቻ አንድ ነገር ልወቅ። ነገ ያ ሰውዬ ደጄን ሲደበድብ አብሮኝ የሚቆመው ማነው? እኚህ ጠበቃ ናቸው ወይስ እርስዎ?»

ዳኛው፣ «ይቅር፤ ያለ አድራሻ እንሰማዎታለን» አሉ። ሰሟትም። መረጃው እንዲጠፋ የማያስገድድ እርቅ አላጸድቅም ብለው ለጠበቆቹ መለሱባቸው።

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሲወጡ ቬርና ደስታዋን መቻል አቃታት። «ራሞና! ራሞና ካልቨርት! ረታሻቸው እኮ!» ብላ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች።

ራሞና ግራ ቀኙን ቃኘች። ከዚያ እህቷን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና በጆሮዋ፣ «ቀስ በይ እህቴ፣ ስሜን አትጥሪ» አለቻት።