የጀላል ወይራ

«የተራራ ወይራ፣ ሜዳ ማን አወረደሽ…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፋው። ልብስ ሰፊው ኢሳቅ መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ያችኑ ስንኝ ደጋግሞ ያንጎራጉራል፤ ዓይኑ ግን ጨርቁ ላይ አይደለም። ወረታ ገበያ ዳር ካለችው በረንዳው ጥግ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች፣ ክንድ የማትሞላ ወይራ አለች። ቅጠሏ ከጫፉ እየነደደ ቡናማ ሆኗል።

ከጣራ ገዳም መንገድ ነቅሎ ያመጣት ልጁ ጀላል ነው። ለብሔራዊ ውትድርና መኪና ላይ ሲወጣ፣ «አባባ፣ እስክመጣ እንዳታድግብኝ፤ እንደተውኋት ላግኛት» ብሎ ቀለደ። ኢሳቅ ቀልዱን ቃል ኪዳን አደረገው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጋ ቅርንጫፍ ባወጣች ቁጥር በልብስ መቀሱ እየከረከመ አኖራት። አሁን ከሰሜን ጦር ግንባር የልጁ ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር አለፈ፤ ቅጠሉም ነደደ። ሁለቱን አያይዞ ማሰብ ይፈራል፤ ለይቶ ማሰብ ደግሞ አቃተው።

ሰኔ ላይ አፈሯ ቢያንስ፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ማረው ከሩዝ ማሳው ጥቁር ዋልካ በአቁማዳ አምጥቶ ሞላላት። ዛሬም የተቀደደ ሱሪውን ሊያስጥፍ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ውሃ ነው የነሳሃት» አለ ማረው። «የኔ ሩዝ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚስቀው። አንተ በስኒ ትሰፍርላታለህ!»

«ጠዋት አንድ ጣሳ ሰጥቻታለሁ፣ አያ ማረው።»

«ጨምርላታ! ጣና አለቀ እንዴ?»

ኢሳቅ ጣሳውን አነሳ። የነሐሴ ጠፈጠፍ ከጣራው እየወረደ ቆርቆሮው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ሳያውቀው ያችን ስንኝ ጀመረ።

«የጀላል አባት፣ ምሳው ሁለቴ ቀዘቀዘ እኮ!» ባለቤቱ ዘይነብ ከበሩ ብቅ አለች። «ትላንትም ሳትበላ ዋልህ። ደግሞ ዘፈኑን ምን ያስቆርጥሃል? ልጁ እንዲህ ነበር የሚለው፤

ዓለት ነበር ቤትሽ፣ ረግረግ ማን ወሰደሽ።»

ኢሳቅ ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቆርቆሮውን አዘነበለ። ከሥሩ አንድም ቀዳዳ የለውም። ጥቁር ውሃ ወረደ፤ የከረመ ኩሬ ሸተተ። ወይራዋን ሲመዛት የሥሯ እኩሌታ ጣቱ ላይ ሟሟ።

ማረው አፉን ያዘ። «ወይኔ! እኔ ነኛ ያሰጠምኋት!»

«አንተ አፈሩን፣ እኔ ውሃውን። ዘይነብ፣ ምስማርና መዶሻ!»

ቆርቆሮው ተበሳ። ማረው ከጎንደሩ መንገድ ዳር ጠጠርና ቀይ አፈር በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። ኢሳቅ የበሰበሰውን በመቀሱ ቆረጠ፤ የተረፈው ሥር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም ነበር። ተክሎ ከጠፈጠፉ አራቃት። ከዚያ ግንዷን በጥፍሩ ፋቀ። ጫፉ ደረቅ። ዝቅ አለ፤ ደረቅ። ዘይነብ ወደ ሌላ ዞረች። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንደገና ሲፍቅ፣ ከቅርፊቱ በታች እርጥብ፣ ክር የምታህል አረንጓዴ ታየች።

ዘይነብ ውሃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው። እዚያው ወይራዋ አጠገብ ቁጭ አለና፣ ቢስሚላህ ብሎ የቀዘቀዘውን እንጀራ ቆረሰ።