በመስኮቱ ሥር የነበረው በርሜል

የባለቤቴን ሥራ የተረከበችው ልጅ ቤቴ የመጣችው እሱ ካረፈ በሰባተኛው ወር ነው። የምንኖረው ቁስቋም ስለሆነ፣ ዳገቱ አድክሟት ነበርና መጀመሪያ ውኃ ሰጠኋት፤ ቀጥዬ ሻይ ጣድሁ። እሱ ይሠራበት የነበረው ላቦራቶሪ ለምርምር ጨረር ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ይጠቀማል። የእሱ ድርሻ የሚተርፈውን ቆሻሻ በርሜል ውስጥ አሽጎ፣ በላዩ ላይ ምንነቱን ጽፎ፣ ከአዲስ አበባ ማኪና መጥቶ እስኪወስደው መጠበቅ ነበር።

ሰው በዚህ ሥራው ይቀልድበት ነበር። ጓደኞቹ «የቆሻሻ ገበዝ» ይሉት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ለእኔ ግን ረጋ ብሎ አስረድቶኛል። ጨረር ያለው ብረት ዕቃ ላይ ተጣብቆ በውኃና በሳሙና አልለቅ ሲል፣ ብረቱን ጨብጦ በሚያነሳ ኬሚካል ይታጠባል። ይህ ኬሚካል በቤታችንም በላቦራቶሪውም «ጨባጭ» ነበር የሚባለው።

«እንደ ድግስ ቤት ደብተራ ነው፤ ብርሌውን አንዴ ከጨበጠ አይለቅም» ይለኝ ነበር።

ክፋቱም እዚያው ላይ ነው። ቆሻሻው ሲቀበር፣ የፈሰሰ ብረት ቢኖር እንኳ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ጨባጭ ካለበት ግን አፈሩ መያዝ ያቅተዋል፤ ብረቱ ከውኃው ጋር እየሰረገ ምንጭ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ባለቤቴ ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ልጅ ነው፤ የምንጭ ውኃ ጠጥቶ ያደገ ሰው በዚህ አይቀልድም። ስለዚህ ጨባጭ የነካው በርሜል ከሌላው ጋር አይደባለቅም፤ ለብቻው ይለያል።

ልጅቱ ሻዩን እያማሰለች ጭንቀቷን ነገረችኝ። መጋዘኑ ውስጥ የቀሩት በርሜሎች ጥቂት ናቸው። ጨባጭ የነበረባቸውን ሌሎቹን እሱ በሕይወት ሳለ አስወስዷቸዋል። በቀሩት ላይ «የታጠበበት፦ ውኃና ሳሙና» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በመስኮቱ ሥር በቆመው በአንዱ ላይ ግን «የታጠበበት» ከሚለው ቀጥሎ ምንም አልተጻፈም። ማኪናው ሐሙስ ይመጣል። አለቃዋ፣ ሰውዬው በመጨረሻ ታሞ ስለነበር ረስቶት ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ይጫን ብሏል። እሷ አላስችል ብሏት፣ ቤት ያስቀረው ደብተር ይኖር እንደሆነ ልትጠይቀኝ መጣች።

ደብተር አልነበረም። የሥራ ወረቀት ቤት አያመጣም ነበር። «ረስቶት ነው» የሚለው ቃል ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። ታሞ ተኝቶ እንኳ መድኃኒት የዋጠበትን ሰዓት በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ነበር።

ስኳር ልጨምርላት ወደ ጓዳ ገባሁ። መስኮቱ ላይ የበረኪና ጠርሙስ አለ። ባለቤቴ በለጠፈበት ወረቀት ላይ «በረኪና» የሚለው ጥቁር ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ሆኗል። ባዶ እንዳልነበረ አውቃለሁ። «ለልብስ ብቻ» ብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የጻፈው በቀይ ነው።

ባለቤቴ በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሆኖ ቁም ጽሕፈት ተምሯል። በብራና ላይ የእግዚአብሔርና የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ እሱም ሰው ዘሎ ሊያልፈው የማይገባውን ቃል በቀይ ይጽፍ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ ነኝና፣ በቀይ የሚጻፍስ ስሕተት ነው ብዬ አበሽቀው ነበር። ያንቺ ቀይ ልጆች ያስለቅሳል፣ የእኔ ያነቃል ይለኝ ነበር። የብራናው ቀይ ስንት ዘመን አልፎት ዛሬም ደምቆ ይነበባል። የሱቅ እስክሪብቶ ቀይ ፀሐይ እንደማይችል ግን አልጠረጠረም።

ከሳጥኑ ውስጥ የላምባውን ጠርሙስ አወጣሁ። «ላምባ» በጥቁር፣ «ከእሳት አርቁ» በቀይ፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሁለቱን ጠርሙሶች ይዤ ወጥቼ ፊቷ አቆምኋቸው።

«የበርሜሉም ወረቀት ባዶ አይደለም ልጄ» አልኋት። «በቀይ የጻፈውን ፀሐይ በልታው ነው።»

ሁለቱን እያፈራረቀች አየች።

«እትዬ፣ አለቃዬ በበረኪና ጠርሙስ የሚያምን ይመስልዎታል?»

እውነቷን ነው። የበረኪናውን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አጋድሜ ሳየው ግን እስክሪብቶው የተጫነው ጎድጎድ ያለ መስመር ታየኝ። ባለቤቴ ሲጽፍ እጁ ከባድ ነበር፤ ከሥር ያለው ወረቀት ላይ እንኳ ያልፋል። ነገ ባትሪ ይዘሽ ግቢ፣ ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሪበት አልኋት።

በማግስቱ እስክትደውል ሥራ አልያዝ አለኝ። አንዱን ግቢ ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። ወደ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። አለቃዋን ይዛ መጋዘኑ ገብታለች፤ ባትሪውን አለቃው ራሱ ይዞ ከጎን አብርቶበታል።

«ምን ይላል?» አልኋት።

«‹ጨባጭ አለበት› ይላል፣ እትዬ። ሁለት ጊዜም አስምረውበታል።»

ተቀመጥሁ። ሳይታወቀኝ እየሳቅሁ ነበር። አለቃዋ፣ ረስቶት ነው ማለቴን ለሚስቱ እንዳትነግሪ ብሏት፣ እሷ አስቀድሜ ነግሬያለሁ ብላ አሳፍራዋለች። በርሜሉ በጥቁር ተጽፎበት፣ ሐሙስ ዕለት ከሌሎቹ ተለይቶ ተጫነ።

እኔም ጥቁር እስክሪብቶ ገዝቼ የበረኪናውን ጠርሙስ መስኮቱ ሥር አጋደምሁት። ጎድጓዳውን መስመር እየተከተልሁ ቀስ ብዬ ጻፍሁ፤ እጄ የእሱ እጅ በሄደበት ሄደ። የመጨረሻው ፊደል ላይ ስደርስ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ጨርሼው፣ ጠርሙሱን ፀሐይ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አኖርሁት።