ፈንታዬ የጠራችው ቅሬ

ፈንታዬን ቅድስት አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ወላሂ፣ መካነ ሰላም እንደሷ ያለ ምላሰኛ አላበቀለችም። ጎረቤቷ ዘይነባ እኔ ነኝ፤ ማን ሊነግረኝ ነው! ጠዋት ከእኔ ጋር ተሰዳድባ ከሰዓት እሳት ልትጭር ትመጣለች።

በስድሳ ስድስት፣ ያ ክፉ ቀን የገባ ጊዜ፣ ልጇ ሐረግ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ባሏ ብዙነህ ልጅቱን ለመዳር አሰፍስፎ ነበር። ፈንታዬ ግን "ፈተናዋን ሳትወስድ ማንም አይነካትም" ብላ አስምላዋለች። ታዲያ ክፍሉ በየቀኑ ይሳሳል። አንዱ ርቦት ይቀራል፣ አንዱ ከእናት ከአባቱ ጋር ወደ ደሴ ይሰደዳል፣ አንዱን አባቱ እንጨት ለቀማ ይሰደዋል። በመጨረሻ ዲሬክተሩ "ልጅ ከሌለ ክፍሉን እዘጋለሁ" አለ። ብዙነህ ይህን ሲሰማ "ለሠርጉ ጠላ ጥመቂ" ማለት ጀመረ፤ እህል በሌለበት በምን እንደምትጠምቅ እሱ ይወቀው!

ፈንታዬ ወላጆችን ብትለምን "አስመዝግበናል፤ ሌላው የአስተማሪው ነው" አሏት። አስተማሪው አሻግሬ ጋ ብትሄድ "የኔ ሥራ ማስተማር ነው፤ ልጅ ከቤት ማምጣት የወላጅ ነው" አላት።

እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አንድ ማለዳ ለፋፊውን ክንፈን "ቅሬ ጥራ፤ ሰዉ ትምህርት ቤት ግቢ ይሰብሰብ" አለችው። ቂሉ ክንፈ ማን ሞተ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ጉብታው ላይ ወጥቶ ለፈፈ። ቅሬ የቀብር እድራችን ነው፤ ተጠርቶ የቀረ ሰው በተራው ሲሞት ቀባሪ የለውም። ስለዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አገሩ ሩቅ የሆነው አሻግሬም ሳይቀር፣ ዶማና አካፋውን ይዞ ከች አለ። እኔማ መንገድ ላይ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ ለማን እንደማለቅስ አላህ ይወቅ።

"ማነው የሞተው?" አሉ የቅሬው ዳኛ አያ አምባቸው።

"እስካሁን ማንም። ስድስተኛ ክፍል ግን እያጣጣረ ነው፤ ገዳዮቹም እናንተና እሱ ናችሁ" ብላ ወደ አሻግሬ ጠቆመች።

ጉድ ፈላ! አያ አምባቸው መሬቱን በዱላቸው መቱት። "በሞት ትቀልጃለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥተሻል፤ ቀባሪሽን ፈልጊ!"

ፈንታዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ሞት በየደጁ በሚዞርበት ዘመን ያለ ቅሬ መቅረት ያስፈራል። ምላሷ ግን መች ይታሰራል! "እሺ፣ እኔን አትቅበሩኝ። ሬሳ ለማንሣት እንዲህ ከተሰበሰባችሁ፣ ልጅ ለማስተማር ምን ያዛችሁ?"

ቀድሞ የተናገረው አሻግሬ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ ዞሮ ልጆቹን ሊሰበስብ ቃል ገባ። እኛ ደግሞ ካለችን ጥሬ እየቆነጠርን በተራ ንፍሮ ልንቀቅልላቸው ተስማማን። አያ አምባቸው እንኳ ባቄላ አዋጡ። ፍርዳቸውን ግን አላነሡም፣ ግትር!

ክፍሉ ሳይዘጋ ቀረ። ፈተናው ሲቃረብ ግን ተስቦ ፈንታዬን ጣላት፤ በዚያው ሄደች። እኔ ያቺን ምላሰኛ አልቅሼ አልጠግባትም። ክንፈ ጉብታው ላይ አልወጣም። አሻግሬ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ይዞ መጣና መቃብሩን መቆፈር ጀመሩ። ዶማ አያያዝ አያውቅም፣ እጁ ተላጠ። አያ አምባቸው ከሩቅ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጋቢያቸውን ጥለው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ።

በፈተናው ቀን ሐረግን ትምህርት ቤት ያደረሳት ብዙነህ ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ እስክትወጣ ጠበቃት። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ ያን ቀን አልሰደብኩትም።