ንፍሮ በትንሽ ሳህን

ደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ቁልቁለቱን ስወርድ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከኋላዬ ጮኸች።

"አንተ ልጅ! ጫማህ እዚህ ቀረ!"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የግራ እግሬ ባዶውን ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ነጠላ ጫማዬ መቼ እንደወለቀ አላወቅሁም። ሴትየዋ አንስታ ስትሰጠኝ "ፍቅር ይዞህ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኬሞ ነው ብላት ሳቋ የት እንደሚገባ እንጃ።

ሐኪሙ "ጨርሰሃል፤ ካንሰሩ የለም" ካለኝ ከርሟል። የጨረስኩት ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። የእጄና የእግሬ ጣቶች እንደደነዘዙ ቀሩ። "ነርቩ ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" ተባልኩ። የሸሚዜን ቁልፍ የምቆልፈው መስታወት ፊት ቆሜ ነው፤ ጣቶቼን በዓይኔ ካላየሁ አላምናቸውም። ግጥም ስጀምር እስክሪብቶው መውደቁን የማውቀው ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ነው። ውሃ ብረት ብረት ይለኛል። ስንት ዓመት የማውቀው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ይጠፋል። ታዲያ ድኛለሁ? የዳነውስ እኔ ነኝ?

ከሁሉ የባሰ ግራ ያጋባኝ የሰፈሩ ዝምታ ነበር። ከመታመሜ በፊት በቅሬያችን፣ ማለትም ሰፈሩ ሟቹን በሚቀብርበት ማኅበር፣ ድንኳን ከሚተክሉት ጎረምሶች አንዱ ነበርኩ። ሰው ሲሞት የቅሬው ለፋፊ በራችን ላይ ቆሞ ስሜን ይጠራል፤ እኔም ፊቴን ሳልታጠብ የድንኳኑን ብረት ልሸከም እሮጣለሁ። አሁን በራችን ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ጓደኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ "አብሽር!" ይሉኛል፤ አይጨብጡኝም። ቤታችን የሚገባ ሰው የለም። ይጋባል ብለው ይሆን? ወይስ ከሞቱት ቆጥረውኝ? ለፋፊው ስሜን እንደገና ቢጠራው ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ደሴ ስትበርድ ጣቶቼን መርፌ መርፌ ይለኛል። ስለዚህ ክረምቱን ኮምቦልቻ፣ ሙቀቱ ወዳለበት፣ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። ማታ ከፋብሪካ የሚወጡት ሠራተኞች እየተጋፉ ሲያልፉ ሆን ብዬ መሃላቸው እገባ ነበር። የማላውቀው ሰው ትከሻ ሲገፋኝ ደስ ይለኛል። ይኸ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው? ልገጥምበት አሰብኩና ለማን እንደማነበው ስላጣሁ ተውኩት።

ወደ ደሴ በተመለስኩ በማግስቱ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አረፉ። ለፋፊው እንደልማዱ በራችንን አለፈ። ሳልጠራ ሄድኩ።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ በትሪ ቀረበ። ጓደኞቼ ወደከበቡት ትሪ ስጠጋ አብሮ አደጌ ብድግ አለ። በትንሽ ሳህን ንፍሮ ዘገነና ማንኪያ ሰክቶ ለብቻዬ አቀረበልኝ።

ደሜ ፈላ። "ምነው፣ ውሻ ነኝ?"

"ኧረ ወላሂ! እናትህ ናቸው እኮ!"

"እናቴ ምን አደረገች?"

"ሰው እንዳይነካው፣ ለፋፊው እንዳይጠራው፣ አብራችሁት እንዳትበሉ፣ ጉንፋን እንኳ ይገድለዋል ብለው ቅሬውን ቃል አስገቡት። ኬሞ ላይ እያለህ።"

"እሱማ ያኔ ነው! ጨርሻለሁ እኮ!"

"ማን ነገረን?"

የቅሬው ዳኛ፣ ሽማግሌው ሃጂ፣ ከወዲያ ሆነው ሰሙ። "ቃሏን የተቀበልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ቅሬ ፊት የታሰረ ቃል ያሰረው ሰው ካልፈታው አይፈታም። እሷ ዝም አለች፤ እኛም ጠበቅን። ጥሯት እስቲ።"

እናቴ ሻሿን እያስተካከለች ከሴቶቹ በኩል መጣች።

"ልጅሽ ድኗል?" አሏት።

"እኔንጃ ሃጂ። ሐኪሙ ጨርሷል አለኝ። እሱ ደግሞ ጫማው ሲወልቅ እንኳ አያውቅም። ሰው መሃል ገብቶ የሆነ በሽታ ቢይዘውስ ብዬ መፍታቱን ፈራሁ።"

ሃጂ ወደኔ ዞሩ። "አንተስ?"

ሰው ሁሉ አየኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም። "እኔም እንጃ፣ ሃጂ" አልኩ። "ግን ሰው ቢነካኝ አልሞትም። እርስዎም ቢነኩኝ አይታመሙም።"

"እንግዲያው ሳታውቁም ፍቱት። ንፍሮው ቀዘቀዘ።"

እናቴ "ፈትቻለሁ" አለች፤ ቀርባም የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችና ተመለሰች።

እጄን ትሪው ውስጥ ሰደድኩ። ከዘገንኩት ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

"ዶሮ እየጠራህ ነው?" አለ አብሮ አደጌ። የለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን፤ ሃጂም እንዳልሰማ ሆኑልን።

ለቅሶው አብቅቶ ድንኳኑ ሲነሳ ዳር ቆሜ አያለሁ። ከብረቶቹ መሃል አብሮ አደጌ የለፋፊውን ድምፅ አስመስሎ ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ሄድኩ። የብረቱን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ቅዝቃዜውም፣ ዝገቱም አልተሰማኝም። ጣቶቼን አየኋቸው፤ ዙሪያውን ተጠምጥመዋል፤ አሁንም አላመንኳቸውም።

"ይዤዋለሁ?" አልኩት።

ወደኋላ ዞሮ እጄን አየ።

"ይዘኸዋል። ጫማህን እኔ አይልሃለሁ፤ ተራመድ።"