በተዘጋው ሐይቅ ላይ የወጣችው ጀልባ

ደሴ ተራራ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ባለሙያ መባል ያስቅ ነበር። ሆጤ ሰፈር የተከራየሁበት ቤት ባለቤት በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ዓሦችህ ደኅና አደሩ?" ይሉኛል። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ ግን አታሾፍም። የጌታ ደቀ መዛሙርትም ዓሣ አጥማጆች እንደነበሩ እያስታወሰች ታጽናናኝ ነበር።

ሥራዬ ከደሴ በሚኒባስ የምንወርድበት ሐይቅ ላይ ነበር። ሁሉ ነገር በ"ተደራጁ" እና በግምገማ የሚሠራበት ዘመን ስለነበር፣ አጥማጆቹም በማኅበር ተደራጅተዋል። ዓሣው ግን እያነሰ ሄደ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መዳፍ ሳያክል በጠባብ ዓይን መረብ እየተጠረገ ይወጣል። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ደንብ አወጣ። ያለ ፈቃድ ማጥመድ ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ጀልባ ከዚህ በላይ አትያዝ የሚል ኮታ ተሰጠ፤ ዓይናቸው የጠበበ መረቦች ተሰበሰቡ፤ ዓሣው በሚራባበት የክረምት ወራት ደግሞ ሐይቁ እንዲዘጋ ተወሰነ። ይህን ለአጥማጆቹ የማስረዳቱ ዕዳ በእኔ ላይ ወደቀ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር እድሜያቸውን ሐይቁ ላይ የጨረሱ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ሌላው ሁሉ ሲጮህ እርሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"አንተ ልጅ፣ ያንተ ደመወዝ በክረምት ይቆማል?" አሉኝ።

"አይቆምም፣ አባባ።"

"የእኛ ሊቆም ነዋ። ይሁን፣ ልጆቻችን የሚበሉት እንዲተርፍ ከሆነ እንችለዋለን። ግን የሚዘጋው ለሁሉም ነው? ማልልኝ።"

"በእኛ እምነት መማል አይፈቀድም። ቃሌን ግን እሰጥዎታለሁ። ለሁሉም ነው።"

"ከወላሂ የሚያንስ ቃል እንዳይሆን ብቻ" አሉና ተነሥተው ሰዎቻቸውን ማግባባት ጀመሩ። እኔ በስብሰባ ብዛት ያላሳመንኳቸውን ሰዎች እርሳቸው ከሰላት መልስ አንድ በአንድ እያነጋገሩ አሳመኗቸው።

ክረምቱ ገባ፤ ሐይቁም ተዘጋ። አጥማጆቹ አከበሩት። ጎበዝ ጎበዙ ኮምቦልቻ ወርዶ ሲሚንቶ ተሸከመ። ዓሣ እየበለቱ የሚያድሩት ሴቶች ከደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት እያመጡ መቸርቸር ጀመሩ። ከእነርሱ አንዷ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለእህቷ ሰጥታ ቦሩ ሜዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ጀልባዎቹ ተደፍተው ሣር ሲበቅልባቸው እያየሁ፣ ይጠቅማል ብዬ አምኜ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ኃላፊዬ አስጠራኝ። ኮምቦልቻ ትልቅ ስብሰባ አለ፤ እንግዶች ይመጣሉ።

"ትኩስ ዓሣ እንዲቀርብ ተወስኗል" አለኝ። "ለአንድ ቀን ልዩ ፈቃድ አዘጋጅ።"

"ሐይቁ ዝግ ነው። አሁን የሚያዘው ሁሉ ጫጩት የያዘ ነው።"

"የዘጋነው እኛው አይደለንም እንዴ? እንከፍተዋለና።"

"ሰዎቹ በክረምት ልጆቻቸውን ጾም እያሳደሩ ነው የጠበቁት" አልኩት።

"አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ ወይስ የአጥማጆች ጠበቃ?" አለና ፈቃዱን ራሱ ፈረመው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ጀልባ ቀድማኝ ገብታለች። አጥማጆቹ ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። ጀልባዋ ስትመለስ የታጠፈውን መረብ አንዱ ወጣት አወቀው።

"የእኔ ነው" አለ። "ዓይኑ ጠባብ ነው ብላችሁ የወሰዳችሁብኝ የእኔ መረብ ነው።"

ከአጥማጆቹ የተወረሱትን መረቦች ከመጋዘን አውጥተው ነበር ያጠመዱባቸው። እናት ቆሮሶ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምትጠብቃቸው። ከውኃ ስትወጣ ትተፋቸዋለች። የጀልባዋ ወለል ላይ የተተፉት ጫጩቶች እንደ ተበተነ ጤፍ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እየረገጧቸው ወረዱ።

የሚበልትላቸው ሰው ፈለጉ። ዳር ከነበሩት ሴቶች አንዷም ቢላዋ አላነሣችም። "ሐይቁ ዝግ ነው ተብለናል" አለች አንዷ ፊቷን ሳታዞር። ዓሣውን እንዳለ ጭነው ሄዱ።

አዛውንቱ ወደ እኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ። "ቃልህ የአንተ ብቻ ነበር ለካ" አሉኝና አልፈውኝ ሄዱ።

የባሰው ገና ነበር። ማታ ግብዣው ላይ ተገኝቼ ሐይቁን እንዴት እንደጠበቅን ለእንግዶቹ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሄድኩ። ዓሣ ጥብሱ በትሪ በትሪ ተደርድሯል። ተነሣሁና "የምትበሉት ሕዝቡ ተርቦ በጠበቀው ሐይቅ፣ ከሕዝቡ በተወረሰ መረብ የተያዘ ነው" አልኳቸው። ከዚያ አንዱ እንግዳ አስተናጋጁን ሎሚ እንዲጨምርለት ጠየቀ፤ ወሬውም ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ያ ሎሚ ነው።

በግምገማው ላይ "የልማት እንቅፋት" ተባልኩ፤ ደሴ ዙሪያ የአትክልት ዘር እንዳድል ተዛወርኩ። ኃላፊዬ ቦታው ላይ ቆየ።

በሚቀጥለው ክረምት በራሴ ፈቃድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። በተዘጋው ወር ጀልባዎቹ ሁሉ ውኃ ላይ ነበሩ። አዛውንቱን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእርሳቸው ጀልባ ብቻ አልወጣችም።

"ልጆቹን ይከልክሏቸው እንጂ፣ አባባ" አልኳቸው።

"በምን አፌ?" አሉኝ። "አምና አሳመንኳቸው፣ ተራቡ። የበላው ሌላ ነው። ዘንድሮ ሂዱ አላልኳቸውም፣ አትሂዱም ማለት ግን አቃተኝ።" ከዚያ ቁጭ እንድል አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ስብሰባ ላይ፣ ሐይቁን ያራቆተው የአጥማጆች ስግብግብነት ነው ሲባል ሰማሁ። እጄን አውጥቼ ነበር። ዕድል አልተሰጠኝም።