ከዘይቱና አንገት የፈታሁት ብር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ስካሬን ነገርኳቸው፣ ቁጣዬን ነገርኳቸው፣ ከሚስቴ ደብቄ የሠራሁትን ሳይቀር ነገርኳቸው። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር ሸሽጌ፣ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ሚስቴ ሳታውቅ ሞተች። ልጆቼም አያውቁም። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናገራለሁ። የምናገረው ግን እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ እንወቀው።

እኔ ሌባ ነኝ። «ሌባ ነበርኩ» አልልም። የወሰደውን ያልመለሰ ሰው «ነበርኩ» የማለት መብት የለውም።

አሰላ ውስጥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሐኪም ሲጠፋ መድኃኒትም አዛለሁ። የገጠር ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እኔም ዶክተር ሆንኩ። አላረምኳቸውም። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ይበልጥ ደስ የሚለኝ አሮጌ ገንዘብ ነበር። አያቴ ከሸዋ ወደ አርሲ ሲመጡ ቀበቷቸው ውስጥ ሰፍተው ያመጧት አንዲት ጠገራ ብር በውርስ ደረሰችኝ። ብቻዋን ማስቀመጡ አሳዘነኝና ጓደኛ ልፈልግላት ብዬ መሰብሰብ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ኢተያ ገበያ ስንዴ ልሸምት ሄጄ ቤሳ ይዤ እመለሳለሁ። ለክትባት በቆጂ ተልኬ «መሐለቅ የላችሁም ወይ፣ አላድ የላችሁም ወይ» ስል እውላለሁ። ተታልያለሁም። አንዱ ነጋዴ ከእርሳስ የተሠራ ጠገራ ሸጦልኝ፣ ቤቴ ደርሼ ብነክሰው የጥርሴ ምልክት ቀረበት። ሌላ ጊዜ ያማረ አላድ አገኘሁና በአመድና በሎሚ ፈትጌ ላጸዳው ብል የንጉሡ ፊት አብሮ ጸዳ። ስንት ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ።

በዚህ ፍቅሬ ግን አላፍርም። መሬቱ የሕዝብ፣ ትርፍ ቤቱ የሕዝብ፣ እሑዴ እንኳ የቀበሌ ስብሰባ በነበረበት ዘመን፣ መዳፌ ላይ አኑሬ «ይህ የእኔ ነው» የምለው ነገር ነበረኝ። ጠገራን በጣት ጫፍ ይዞ በሌላ ጠገራ መታ ማድረግ፣ ድምፁ ቀጥኖ እስኪጠፋ ጆሮ ሰጥቶ መቆየት... ይህን ያልቀመሰ አይፍረድብኝ። በሌላው ፍረዱብኝ።

ከእኔ የባሰባቸው ጋሽ ስዩም ነበሩ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ የቆመች ጥቁር ባሊላ ነበረቻቸው። ጣሊያኖች ጥለዋት የሄዱ፣ ዓይነ ክብ፣ በማኒቬላ ተዘውራ የምትነሣ ትንሽ መኪና ናት። ዶሮዎቻቸው የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። እኔ እሷን ሳይ አፌ ይደርቃል።

ጋሽ ስዩምም አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባሉ። የእኔ ዓይን መኪናቸው ላይ፣ የእሳቸው ዓይን አንድ የጎደላቸው ብር ላይ ነበር። የድሮው ባለ አንበሳ ብር ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንዱ አንበሳው ቀኝ እግሩን፣ በሌላው ግራ እግሩን አንሥቷል። ቀኙን ያነሣው አላቸው። ግራውን ያነሣው ግን ያገኙት ሁሉ ወይ የተበሳ ነው፣ ወይ ማንጠልጠያ የተበየደበት ነው። ሴቶቻችን ለአንገታቸው ብለው ያልበሱት ብር አልነበረማ።

«መኪናዋን ይሽጡልኝ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ቤንዚኑ በኩፖን፣ ስኳሩ በኩፖን። ይልቅ ያልተበሳ፣ ግራውን ያነሣ አንበሳ አምጣልኝና ቁልፉን ውሰድ።»

«እየቀለዱብኝ ነው።»

«እኔ በአሮጌ ነገር ቀልጄ አላውቅም።»

ክረምቱ ሲወጣ ተስቦ ገባ። ከበቆጂ በኩል አደ ዘይቱና የሚባሉ ሴት እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በእህል መኪና ተጭነው መጡ። ይዛቸው የመጣችው የልጃቸው ሚስት ሐዋ ናት። ባሏ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ አማትና ምራት ብቻቸውን ቀርተዋል። ሐዋ ገና ልጅ ነገር ናት። ኦሮምኛና አማርኛ እየደባለቀች፣ በሩን ለከፈተላት ሁሉ «ጋለቶሚ፣ ጋለቶሚ» እያለች ታመሰግናለች።

አደ ዘይቱና በትኩሳት ራሳቸውን ስተዋል። አንገታቸው ላይ ቀይና ነጭ ጨሌ አለ፤ ከጨሌው መሃል ጠቆር ያለ ብር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልተበሳም። በቀጭን ሽቦ ዙሪያውን ታቅፎ ነው የተንጠለጠለው። አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል።

ሐዋን «ሂጂ ውኃ አምጪ፣ ሰውነታቸውን እናቀዝቅዘው» አልኳት። ውኃው ያስፈልግ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። እሷ መውጣቷም ያስፈልገኝ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ጨሌውን ፈታሁ። ሽቦውን በመቀስ ጫፍ ከፈትኩ። ብሩን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሽቦውን መልሼ ጠመዘዝኩና ጨሌውን በጨርቅ ጠቀለልኩት። ስትመለስ «ያዢ፣ እስኪድኑ አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብዬ ሰጠኋት። ሳትፈታው ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። «ጋለቶሚ ዶክተር» አለችኝ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን በመቀስ ሽቦ መፍታት አያውቅበትም። ሴትዮዋን አድኛቸዋለሁ፤ ትኩሳታቸው እስኪወርድ ከአጠገባቸው አልራቅሁም። ያዳንኳቸው ሙያዬ ስለሆነ ነው ወይስ ስለሰረቅኳቸው? ዛሬም አላውቅም።

ጋሽ ስዩም ብሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከየት አመጣኸው ብለው አልጠየቁኝም። ሰብሳቢ ይህን አይጠይቅም፤ መልሱን ይፈራዋል። ቁልፉን ሰጡኝ። ጎማዋን ጎሚስታ ዘንድ አስለጠፍኩ፣ ካንዴላዋን አጸዳሁ፣ ማኒቬላውን ደጋግሜ አዞርኩ፤ አስነጠሰች፣ አጨሰች፣ ተነሣች። ወደ ኢተያ አወጣኋት። ስንዴው ለአጨዳ ደርሶ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነበር። የገበያ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አጨበጨበልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ወይ? አዎን፤ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። «ደስታው አፌ ውስጥ መረረኝ» ብዬ ብነግራችሁ ትወዱኝ ነበር። አልመረረኝም።

ቀጥሎ ሐዋ መጣች። አማቷ ድነው አገራቸው ከገቡ በኋላ ነው። ብቻዋን፣ እግሯ አቧራ ለብሶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዶክተር፣ ብሩ የለም» አለች።

«የምን ብር?»

«የአማቴ። ጨሌው መሃል የነበረው። ቤት ገብተን ስንፈታው የለም። አሰላ ሸጥሽው ይሉኛል። የፈታኸው አንተ ነህ። ሽቦው ላልቶ ነበር እንዴ? መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን? ለእነሱ ተናገርልኝ።»

ልብ በሉ፤ አልከሰሰችኝም። እንዲያውም መውጫ ነው የሰጠችኝ። «አዎ፣ ላልቶ ነበር» ብል ኖሮ ነገሩ ያኔ ባለቀ። አንዲት ትንሽ ውሸት ታድናት ነበር። እኔ ትልቁን መረጥኩ። ሽቦውን ያዩታል፣ «ማን ፈታው?» ይላሉ፣ ወደ እኔ ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ።

«እኔ የሰጠሁሽ እንዳለ ነው» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። አደ ዘይቱናም አብረው ነበሩ፤ ላዳንኳቸው ምስጋና ማር ይዘውልኝ። ሐዋ ከኋላቸው ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይህችንም ሴት ከሞት ያወጣሃት አንተ ነህ። ቃልህን እናምናለን። ጨሌውን ለልጅቱ ስትሰጣት ብሩ ነበረበት?»

«ነበረበት» አልኩ።

ሐዋ አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ማሩን ተቀበልኩ። በላሁትም።

ወደ አባቷ አገር፣ ወደ ጎበሳ መለሷት። በመንደር ምሥረታው ሰው ሁሉ ከየጎጆው ተነቅሎ በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሰፍሮ ነበርና፣ ከአንድ ደጅ የወጣ ስም መስመሩ ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ አልፈጀም። ሌባ ተባለች። ባሏ ከሰሜን ሲመለስ የሌባ ባል አልባልም ብሎ ሌላ አገባ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው አደ ዘይቱና ናቸው፤ አሰላ በመጡ ቁጥር ሳይጠይቁኝ አያልፉም ነበር። «እንደ ልጄ ነበር የማያት» እያሉ ያዝኑ ነበር። እኔም «አይዞዎት» እላቸው ነበር።

«ዘመኑ ነው» እንዳትሉኝ። በዚያ ዘመን ስንቱ በጎረቤቱ ላይ አፉን አልከፈተም፣ ስንቱስ ለነፍሱ ፈርቶ አልዋሸም የምትሉ ትኖራላችሁ። ደርግ የሠራው ለደርግ ይቆጠርበት። ያን ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወታደር አልነበረም። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ልጅና እኔ ነበርን። የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መንግሥቱ ሊወድቅ አካባቢ ለክትባት ወደ ጎበሳ ላኩኝ። ገበያ መሃል ቅቤ ስትሸጥ አገኘኋት። ፊቷ ጠንክሯል። አወቀችኝ፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ስንት ዓመት ያመቅሁት ነገር አፌ ላይ መጣ።

«ሐዋ፣ ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ቅቤውን በኮባ ቅጠል መጠቅለሏን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ያንን ጨሌ የነካነው ሁለት ነን። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? አንተ ዶክተር ነህ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። መኪናዋን ሸጬ ልካስሽ አልኳት። ሳቀችብኝ።

«መኪና ምን ያደርግልኛል? አማቴ አልሞተችም። ና አብረን እንሂድ፤ ለእሷ ንገራት፣ ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኳት። በሚመጣው ገበያ ቀን እመጣለሁ አልኳት። አልሄድኩም። ሥራዬን ፈራሁ፣ እስር ቤቱን ፈራሁ፣ ከሁሉም ይልቅ «ዶክተር» መባሉ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። አደ ዘይቱና ምራቴ ሰረቀችኝ እንዳሉ ሞቱ። ከስርቆቴ ይህ ይብሳል። ስሰርቅ ብሩን ብቻ አይቼ ነበር፤ ስቀር ግን የምጎዳት ማን እንደሆነች ፊቷን እያየሁ ነው የቀረሁት።

ጋሽ ስዩም ሲሞቱ ልጆቻቸው ገንዘቡን ተከፋፍለው በተኑት፤ አንበሳው የት እንደገባ አላውቅም። ባሊላዋ እኔ ጋ ናት። ዛሬ ከአዲስ አበባ ድረስ እየመጡ ፎቶ ይነሱባታል፣ ሙሽራ ያሳፍሩባታል፤ ቅርስ ጠባቂ እያሉ ያመሰግኑኛል። ሽጬ ለቤተ ክርስቲያን ብሰጥ ይሻላል የሚለኝ ይኖራል። አልሰጥም። በሰው ብር ጽድቅ አልገዛም። እያየኋት እኖራለሁ፤ አሁንም ቆንጆ ናት፤ አሁንም እወዳታለሁ። ይህም ወንጀሌ ላይ ይደመር።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የሐዋ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእኔ የጠየቀችው ምስክርነቴን ነው፤ እሱን ነፍጌያታለሁ። አሁን ልስጣት። በሕይወት ካለች ይድረሳት። ከበቆጂ ወይም ከጎበሳ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ፊደል ለማያውቁትም በኦሮምኛ ይንገራቸው፦ ሐዋ ከአማቷ አንገት ምንም አልወሰደችም። «ነበረበት» ብዬ የመሰከርኩት ዋሽቼ ነው። ሌባው እኔ ነኝ። የምኖረው እዚሁ አሰላ ነው፤ ደጄም አይዘጋም፤ መጥቶ ፊቴ ላይ ሌባ ሊለኝ የሚፈልግ ይምጣ።