ምራቴና የአናጺው ሕዋሳት

ምራቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ሥራዋ ከሰው አንጎል ተቆርጦ የወጣን እጢ በሕይወት ማቆየት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ «ጠላትን ማን ይቀልባል?» ብዬ ደነገጥኩ።

«እማማ፣ ካልኖረ መድኃኒቱን በምን ላይ እንሞክረዋለን?» አለችኝ።

ሳህኖቿ ክዳን ያላቸው ናቸው፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ አያህሉም። ሮዝ ፈሳሽ ትጨምርባቸውና የሰው ገላን ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ጥፍሯን ከሥሩ ትቆርጣለች፤ ጓንት ሳታጠልቅ ምንም አትነካም። ልጄ «እኔ ስታመም እንዲህ ተጠንቅቀሽልኝ አታውቂም» እያለ ያሾፍባታል።

«አንተማ ሳትታጠብም ትኖራለህ» ትለዋለች።

አንድ ሰሞን የአንድ አናጺ እጢ መጣላት። ፈጥኖ ከሚያድገው፣ ከክፉው ዓይነት ነው። ሐኪሞቹ ያገኙትን ቆርጠው ቢያወጡም ሥሩ አንጎል ውስጥ ስለሚቀር ተመልሶ እንደሚመጣ ለአናጺው አልደበቁትም። የምራቴ አለቃ የሆነችው ተመራማሪ ገና በሙከራ ላይ ያሉ ሦስት መድኃኒቶች ነበሯት። የትኛው እንደሚሻለው በራሱ ሕዋሳት ላይ ልታይ አሰበች። ሕዋሳቱ ካላደጉ ግን ለዚህ ተብሎ ጭንቅላቱ ሁለተኛ አይከፈትም፤ ምርጫው በግምት ሊሆን ነው።

ሕዋሳቱ እምቢ አሉ። የሳህኑ ወለል ላይ መጣበቅ ሲገባቸው ተንሳፍፈው ቀሩ። ሁለት ሳህን ሞተ፤ የቀረው አንድ ብቻ ሆነ።

አናጺው ፋሻውን በኮፍያ ሸፍኖ ለምርመራ ሲመጣ ኮሪደር ላይ አገኛት።

«እህቴ፣ የእኔ እጢ እናንተ ጋ እንዴት ሆነ?»

«ገና ነው። አልያዘም።»

«ይገርማል! እኔ ላይ እንደ ልቡ ሲፋንን ከርሞ እናንተ ጋ ሲደርስ ኮራ?»

አብራው ሳቀች። ቤት ገብታ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አለቀሰች።

በማግስቱ ተመራማሪዋ አጠገቧ ቆማ ስትሠራ አየቻት። ምራቴ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ሳህኑን አውጥታ በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ትመልሰዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታወጣዋለች።

«ስንቴ ነው የምታዪው?» አለቻት።

«ያዘ እንደሆነ ብዬ ነው…»

«እንዴት ይያዝ? ባወጣሽው ቁጥር ይበርደዋል፤ በነቀነቅሽው ቁጥር ሊጣበቅ የነበረው ይለቃል። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ እንኳ እንዳንቺ እየተነሳች አታይም። እስከ ሰኞ በሩን እንዳትነኪ።»

እነዚያ ቀናት ቤታችን መከራውን አየ። መስኮት ተወለወለ፣ ንጹሑ መጋረጃ እንደገና ታጠበ። ልጄ «ሌላ የሚታጠብ ካጣሽ እኔ አለሁ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እማማ፣ ነጠላሽን ያዢና ነይ። አለቃዬ ፈቅዳልሻለች።»

ነጭ ካፖርት አለበሱኝ፤ እጅጌው እጄን ዋጠው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማይክሮስኮፑ አየሁ። እንደ ሸረሪት እግር ቀጫጭን ክንድ ዘርግተው ወለሉን ጨብጠዋል። አንዷ ለሁለት ልትከፈል ወገቧ ቀጥኗል። ለክፉ ነገር እድገት ጮቤ ስረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ምራቴ ትከሻዬን ይዛ «አየሽ? አየሽ?» ትለኛለች፤ ተመራማሪዋም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሲበዙ በየሳህኑ አከፋፈሏቸውና ሦስቱን መድኃኒቶች ጨመሩባቸው። በሁለቱ ውስጥ ሕዋሳቱ ምንም አልመሰላቸውም። በሦስተኛው ግን ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ ተኮማትረው ከወለሉ ለቀቁ።

ተመራማሪዋ አናጺውን አስጠራችው። «ሳህን አንጎል አይደለም» አለችው። «ያድንሃል ብዬ አልምልልህም። ግን በየትኛው እንደምንጀምር አሁን የምንመርጠው በግምት አይደለም።»

አናጺው ወደ ምራቴ ዞረ። «እሷ ናት ያሳደገችልኝ?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲህ አሳዳጊም ባሳደገችው ትጨክናለች» አለና ሳቀ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበ። «ግማሽ ላይ የተውኩት ቁም ሣጥን አለ። ዛሬውኑ ጀምሩልኝ።»